ሲፉድ ቦይል ባህር ዳር ላይ፦ ቅመሟን ያዙ፣ ሽሪምፑን ተዉት፣ ቆሮሶውን ግዙ

ሲፉድ ቦይል የባህር ምግብን ከበቆሎና ከድንች ጋር በአንድ ድስት ቀቅሎ በእጅ መብላት ነው። ፍርዱን ከፊት ላስቀምጠው፤ ረጅም ጽሑፍ የማይወድ ሰው ከዚች አንቀጽ ይመለስ። ከአሜሪካ የመጣችው የኦልድ ቤይ ቅመም ጥሩ ናት። ዘመድ ሲመጣ አምጣልኝ ብትሉ አይቆጫችሁም። ከአዲስ አበባ በበረዶ ታሽጎ የመጣው ሽሪምፕ የሚባለው ትንሽ የባህር ፍጥረት ግን ገንዘብ መበተን ነው። የጣና ቆሮሶ (ቲላፒያ) ሁለቱንም አስከንድቶ የቀኑ ጌታ ሆኗል። የእድር ድስት ደግሞ ኦንላይን ከሚሸጠው ውድ የቦይል ድስት አያንስም። ለእንቁጣጣሽ እንግዳ ጠርተን ቤት ውስጥ የሠራነው ነው፤ ዝርዝሩ እነሆ።

ሲፉድ ቦይልን ቲክቶክ ላይ ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም። ያቺ ጓንት አጥልቃ፣ ቅቤ የሚንጠባጠብበትን የሸርጣን እግር እየሰበረች የምትበላዋ ልጅ፣ አዎ፣ እሱ ነው። አገሩ አሜሪካ ነው። ሉዊዚያና ውስጥ ክሬይፊሽ የሚባለውን ጨው በሌለው ውሃ የሚኖር ፍጥረት በጆንያ ገዝተው ጓሮ ውስጥ በትልቅ ድስት ይቀቅሉታል። ሳውዝ ካሮላይና ላይ ሽሪምፕ፣ በቆሎ፣ ድንችና ሶሴጅ አንድ ላይ ይገባል። ሜሪላንዶች ደግሞ ሸርጣኑን በእንፋሎት ያበስሉና ቅመሙን ከላይ ነስንሰው፣ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፈው፣ በእንጨት መዶሻ እየቀጠቀጡ ይበሉታል። ሸርጣኑን ለጊዜው እንተወውና የቅቅሉ ነገር በሁሉም ዘንድ አንድ ነው። አንድ ድስት፣ ጨውና ቅመም የበዛበት ውሃ፣ ከዚያ ሁሉንም አጥልሎ ገበታው ላይ መዘርገፍ። ሳህን የለም፣ ሹካ የለም። ከአንድ ገበታ በእጅ መብላትን የጎጃም ሰው ከቪዲዮ ሲማር ማየት ትንሽ ያስቃል።

ቅመሟን ያመጣት ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። ሜሪላንድ ያለ ሐበሻ ይቺን ነገር ሳያውቃት አይቀርም። እዚያ ድንች ጥብስ ላይ፣ ፈንዲሻ ላይ፣ እንቁላል ላይ ሁሉ ይነሰንሷታል አለኝ። ታሪኳም ደስ ይላል። ጉስታቭ ብሩን የሚባል ጀርመናዊ አይሁዳዊ የቅመም ነጋዴ ከናዚዎች ሸሽቶ ባልቲሞር ገባ። በፈረንጆቹ 1939 እዚያው የአሳ ገበያው አካባቢ የራሱን የቅመም ሥራ ጀመረ። የሸርጣንና የሽሪምፕ ሻጮቹ ደንበኞቹ ሆኑ፣ ቅመሟም ከእነሱ ጋር አደገች። በፈረንጆቹ 1990 ማኮርሚክ የሚባለው ትልቁ የቅመም ኩባንያ ገዛት። ማሸጊያዋ ዛሬም ያው ቢጫው ነው።

ስትከፍቷት መጀመሪያ የሚመታችሁ የሰለሪ ሽታ ነው። ቀጥሎ ፓፕሪካና ቁንዶ በርበሬ ይመጣሉ፣ ከኋላ ደግሞ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚል ሙቀት አለ። አታቃጥልም። ይሄን አስምሩበት፤ ሚጥሚጣ የለመደ ሰው «ይቺ ናት እንዴ?» ማለቱ አይቀርም። እኛ ቤትም ተብሏል። ሁለተኛ ነገር፣ ማሸጊያው ላይ ከሁሉ ቀድሞ የተጻፈው የሰለሪ ጨው ነው። ስለዚህ ቅመም ብላችሁ የምታፈሱት ጨው ጭምር መሆኑን አትርሱ። ለ4 ሊትር ውሃ ግማሽ ኩባያ ያህል በቂ ነው። ተጨማሪ ጨው ከማድረጋችሁ በፊት ግን ውሃውን ቅመሱት፤ ውሃው ለብቻው ሲቀመስ በዛ ማለት አለበት፣ ምክንያቱም ድንቹና በቆሎው ይመጥጡታል። እኔ ለሚያቃጥለው ድርሻ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሚጥሚጣ ጨመርኩበት፤ ተዋደዱ። ከአሥር ስምንት ነጥብ እሰጣታለሁ። ሁለቱን የቀነስኩባት ጨዋን ለብቻ መቆጣጠር ስለማይቻል ነው።

አሁን ወደ ሽሪምፑ። የተገዛው አዲስ አበባ ካለ ሱቅ ነው፣ ስሙን አልጠራም። «ባህር ዳር ድረስ እንዳለ ይደርሳል፣ አታስቡ» ብለው በወፍራም ላስቲክ አስረው ሰጡን። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ቢሆን ነው፤ ነገር ግን ወደ ኤርፖርት መሄዱ፣ መጠበቁ፣ ሻንጣ መቀበሉ ሲደማመር ቤት ሲደርስ ግማሹ ቀልጦ ግማሹ እንደ ድንጋይ ተጣብቆ ነበር። ሌላው የሚያናድደው ኪሎው ነው። እያንዳንዱ ሽሪምፕ በስስ በረዶ ተለብጦ ነው የሚሸጠው፣ እንዳይደርቅ ነው ይባላል። በረዶው ሲቀልጥ የቀረውን ስመዝነው ለበረዶ ስንት እንደከፈልን ገባኝ። በዚያ ብር እኮ ሐይቁ ዳር ሄዳችሁ ቤተሰብ የሚያጠግብ አሳ ተሸክማችሁ ትመለሳላችሁ።

ጣዕሙስ? ሽታው አልከፋም፣ ግን ውሃ ውሃ ይላል። ቅመሟ ባትኖር የሚበላም አልነበረም። ለሚሞክር ሰው አንድ ነገር ልንገር፦ ሽሪምፕ ፈላ ውሃ ውስጥ ከሁለት ሦስት ደቂቃ በላይ አይቆይም። ቀለሙ ሮዝ ሆኖ ግማሽ ክብ ሲሠራ አውጡት። ተጠቅልሎ ሙሉ ክብ ከሆነ አልፎበታል፣ ላስቲክ ማኘክ ነው።

ከጣዕሙ በላይ ግን የእንግዳው ነገር አለ። ጎጃም ውስጥ እንግዳ ጠርቶ ሽሪምፕ ማቅረብ ማሰብ ይፈልጋል። ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 በውሃ ውስጥ ካለው ክንፍና ቅርፊት ያለውን ብሉ፣ የሌለውን አትብሉ ይላል። እናቶቻችን ምዕራፉን ባይጠቅሱም ሥርዓቱን ጠንቅቀው ያውቁታል። አማቴ ትሪው ላይ ያለውን ቀና ብለው አዩና «ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ትል ነው፣ እናንተ?» አሉ። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። ሽሪምፑ ከበቆሎውና ከድንቹ ጋር አብሮ ተቀቅሎ ቢሆን ኖሮ እሳቸው ከዚያ ድስት አንዲት ድንች አይነኩም ነበር፣ እሳቸው ካልነኩ ደግሞ ግማሹ ቤት አይነካም። ስለዚህ ለብቻው፣ በትንሽ ድስት፣ ጭልፋው ሳይቀር ለብቻው ነበር። ሙስሊሙ ጎረቤታችን ጋሼ ግን «የባህር ነገር ለእኔ ሐላል ነው፣ ወዲህ በሉት» ብለው ከአክስቴ ልጅ ጋር ተካፍለው ጨረሱት። እንዲያውም እሳቸው ባይኖሩ የት እንደምናደርሰው እንጃ።

አምባዛም በዚሁ ሕግ ይወድቃል። ቅርፊት የለውም። ከተማ ውስጥ የሚበላው ሰው ብዙ ነው፣ ሥጋውም ጠንካራ ስለሆነ ቅቅል ውስጥ አይፈርስም፣ በሙያ ዓይን ካያችሁት ለቦይል ከቆሮሶም ይሻላል። ነገር ግን ገበታው ላይ ቄስ ወይም ትልቅ ሰው ካለ አታምጡት። ወይም ቀድማችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ አያሳፍርም። በጾም ወቅት አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ደግሞ እዚህ አልከፍተውም፣ መዝጊያው የለም። የእኛ ድግስ የፍስክ ቀን ላይ ነበር።

አሳውን የገዛነው ጠዋት ሐይቁ ዳር፣ አስጋሪዎቹ ከሚያወርዱበት ነው። የአሳ ወዳጅ ነኝ የሚል ሰው ባህር ዳር ሆኖ ከሱቅ ፍሪጅ አሳ ሲገዛ አይገባኝም። በማለዳ ሂዱ። ጀልባና ታንኳው ሲጠጋ ፔሊካኖቹ ከእናንተ ቀድመው ተሰልፈዋል፣ ማንም አያባርራቸውም፣ እነሱም ማንንም አይፈሩም። የአሳውን ዓይን እዩ፤ ጎላ ብሎ የጠራ መሆን አለበት። ከዚያ የጉንጩን ክዳን አንሡና ስንጥቡን ተመልከቱ። ቀይ ከሆነ ዛሬ የወጣ ነው። ቡኒ ከሆነ ወይም የሚዝለገለግ ነገር ካለበት ሻጩ የፈለገውን ቢምል አልፋችሁ ሂዱ። እኔ ያጋጠመኝ አብዛኛው ደማቅ ቀይ ነበር።

የማጽዳቱን አገልግሎት ለብቻው ላመስግን። ልጁ ቆሮሶውን ጭራው ላይ ይይዝና በቢላው ጀርባ ከጭራ ወደ ራስ ይፍቀዋል፣ ቅርፊቱ እየተፈናጠረ ክንዱ ላይና ሸሚዙ ላይ ይለጠፋል፣ የጀርባውን ሹል ክንፍ በአንድ ምት ይቆርጣል፣ ሆዱን ይሰነጥቃል፤ አንዱን አሳ ጨርሶ ሌላውን ሲይዝ ገና ቦርሳችሁን አልከፈታችሁም። ክፍያውም ትንሽ ነው። ችግሩ ፍጥነቱ ነው። ካልተናገራችሁ ወይ ለጥብስ ይሰነጥቅላችኋል ወይ ፊሌቶ ያወጣላችኋል፣ ራሱንም ለፔሊካን ይወረውራል። ለቦይል ፊሌቶ አይሆንም፣ ውሃ ውስጥ ይበተናል። «ከነአጥንቱ፣ በአውራ ጣት ውፍረት ቁረጥልኝ፣ ራሱን ስንጥቡን አውጥተህ ለብቻ አስቀምጥልኝ» በሉት። ስንጥቡ ከቀረ ውሃውን ያመርረዋል። መጠኑን ስታስቡ ደግሞ ከሙሉ ቆሮሶ የሚገኘው ንጹህ ሥጋ ሲሶ ገደማ ብቻ መሆኑን አስቡ። ለአንድ ሰው ከግማሽ ኪሎ ያላነሰ ሙሉ አሳ ያዙ፤ ከዚያ ካነሰ እንግዳ በቆሎ በልቶ ይሄዳል።

ነጭ አሳ የሚባለውን ዓይነት አልገዛሁም። አንደኛው ምክንያት አጥንቱ ነው። ሥጋው ውስጥ እንደ ባላ የተሰነጠቀ ቀጭን አጥንት ይበዛበታል፣ በሳቅና በጨዋታ መሃል በእጅ ለሚበላ ነገር አይሆንም። ሁለተኛው ወቅቱ ነው። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነጭ አሳ ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወደመሳሰሉ ወንዞች ይወጣል፣ የወንዙ አፍ ላይ ሲሰበሰብ ደግሞ በመረብ አንድ ላይ ይታፈሳል። እንቁላል የተሸከመ አሳ ነው የሚታፈሰው። ጣና ላይ ያሉት የነጭ አሳ ዝርያዎች አብዛኞቹ ሌላ ቦታ የሌሉ ናቸው። እምቦጩ ያልጨረሰውን እኛ በድግስ አንጨርሰው። በዚህ ወቅት ርካሽ ሆኖ ብታገኙት እንኳ ተዉት።

ድስቱ። ኦንላይን የሚሸጠው የቦይል ድስት ውስጡ ወንፊት ያለው ነው፣ ሲበስል ወንፊቱን ብድግ አድርጎ ማውጣት ነው። ያምራል፣ ዋጋው አያምርም። እኛ የእድራችንን ትልቁን ብረት ድስት ተዋስን፤ ትሪና ወንበሩም ከዚያው ነው። የእድር ድስት አንድ ጠባይ አለው፣ የስንቱን ቤት ሽንኩርትና በርበሬ ጠጥቷል። አሳ ደግሞ የሌላ ወጥ ሽታ ይወስዳል። በአመድና በሎሚ ልጣጭ በደንብ አሹት፣ አንድ ጊዜ ውሃ አፍሉበትና ድፉት። ለወንፊቱ ምትክ ንጹህ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ተጠቀምን። ቁርጥ አሳውን ነጠላው ላይ ደርድሮ፣ አራቱን ጫፍ ላላ አድርጎ አስሮ ማስገባት፣ ሲበስል በቋጠሮው ስቦ ማውጣት። አንድም ቁራጭ አልፈረሰም። የሽንኩርት መረብ ከረጢት አድርጉበት ያለኝ ሰው ነበር፤ ፕላስቲክ ነው፣ አይቀቀልም።

አሁን ዋናው ነገር። የአሜሪካኖቹን አሠራር እንዳለ ከተከተላችሁ ጥሬ በቆሎ ነው የምትበሉት። እነሱ የሚጠቀሙት ስዊት ኮርን የሚባለውን ነው፤ ለስላሳ፣ ስኳር የበዛበት፣ በአምስት ደቂቃ የሚበስል። ስለዚህ ድንቹን ቀድመው፣ በቆሎውን መጨረሻ አካባቢ ይጨምራሉ። የእኛ እሸት፣ ከመራዊም ይምጣ ከቡሬ፣ የእህል በቆሎ ነው። ጥርስ ላይ የሚይዝ፣ ዱቄት ያለው። ቅቅል በቆሎ የምትሸጥ ሴት ድስቷን ስንት ሰዓት እንደምትጥድ ጠይቋት። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ በቆሎው መጀመሪያ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ለብቻው፣ ከዚያ ድንቹ። እሸቱን ስትመርጡ ፍሬውን በጥፍር ጫን በሉት። ወተት ከወጣ ጥሩ ነው፣ ካልወጣ ለቆሎ ነው።

ከፍታውም አለ። ባህር ዳር ከባህር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ናት፣ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባልቲሞር ባህር ዳርቻ ላይ ስለሆነች 100 ዲግሪ ሙሉውን ታገኛለች። ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ያላችሁ ደግሞ ከ92 ብዙም አታልፉም። እሳት ብታበዙ ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ አይሞቅም። ስለዚህ አሥር ደቂቃ የተባለው ድንች አሥራ አምስትም ሃያም ሊፈጅ ይችላል፤ ሰዓቱን ትታችሁ በቢላ ጫፍ ውጉት። ድንቹ ትንንሽ፣ ከነልጣጩ፣ ሙሉውን ይሁን። ተልጦ የተቆረጠ ድንች ተሟምቶ ውሃውን ያደፈርሰዋል።

እኛ የሠራነው እንዲህ ነው። ውሃው ውስጥ የአሳውን ራስ፣ ለሁለት የተከፈለ ሽንኩርት፣ ወገቡ ላይ የተቆረጠ ሙሉ ነጭ ሽንኩርት ከነልጣጩ፣ የተቀጠቀጠ ዝንጅብልና በርከት ያለ ሎሚ ጨምረን ሃያ ደቂቃ ያህል አፈላነው። ራሱን አወጣነው። ከዚያ ቅመሟ፣ ሚጥሚጣው፣ በቆሎው። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድንቹ። ድንቹ ሊበስል ሲል ቀድሞ የተቀቀለና የተላጠ እንቁላል ጣል አደረግንበት፤ ይሄ እዚያም የሚደረግ ነው፣ ቅመሙን ጠጥቶ ሲወጣ ልጆቹ የተጣሉት በእሱ ነው። ሶሴጁን ዘለልነው። እዚያ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ የአሳማ ነው፣ የበሬውንም ቢሆን ከአሳ ጋር መደባለቁ ለማንም አልታየውም። ጠላ እናፍስበት ያለ ጎረምሳም ነበር። እዚያ ቢራ የሚጨምሩ አሉ፣ ሐሳቡ እብደት አይደለም፤ ጠላው ግን ለጠጪው ይሻላል ተብሎ ታለፈ።

አሳው መጨረሻ ነው የሚገባው፣ ያውም ውሃው ሲንተከተክ አይደለም። የሚንተከተክ ውሃ ቆሮሶን ይበታትነዋል። ጋዝ ካላችሁ ቀንሱት። መብራት ስለጠፋ እኛ በከሰል ነበር፣ ከማንደጃው ግማሹን ፍም አውጥተን ውሃው ጸጥ ሲል፣ ዳር ዳሩን ብቻ አረፋ ሲያወጣ፣ አሳውን በነጠላው አስገባነው። ስምንት ደቂቃ አካባቢ። ሥጋው ነጭ ሆኖ ከመሃል አጥንቱ በጣት ሲለቅ ደርሷል። አሳውን አውጡና ሸፍኑት። በቆሎውና ድንቹ ግን እሳቱ ከጠፋ በኋላም እዚያው ውሃ ውስጥ ሩብ ሰዓት ይቀመጡ። ጣዕም የሚገባው ያኔ ነው። ይሄን የዘለለ ሰው የሚበላው ቅቅል በቆሎ ነው።

መረቁ፣ ማለት ከላይ የሚፈሰው ቅቤ፣ የቦይሉ ግማሽ ነው። ጎጃም ሆኖ በቅቤ መጨነቅ የለም፣ ግን የቱ ቅቤ? መጀመሪያ ንጥር ቅቤ ሞከርኩ። ኮሰረቱና ኮረሪማው ከኦልድ ቤይ ጋር ይጣላሉ፤ ሁለት ሰው አንድ ማይክ ላይ ሲዘፍን ማለት ነው። ለጋ ቅቤ ይሻላል። በትንሽ እሳት አቅልጡት፣ የተከተፈ ነጭ ሽንኩርት ሳይጠቁር አብስሉበት፣ አንድ ማንኪያ ቅመም፣ የሎሚ ጭማቂ፣ ከድስቱ ውሃ አንድ ጭልፋ። ውሃው ከቅቤው ጋር ተመትቶ ወፈር ይላል። ለጾመኛ እንግዳ ዘይት ላይ በነጭ ሽንኩርትና በሚጥሚጣ ተመሳሳዩን መሥራት ይቻላል፣ አይከፋም፣ ግን ቅቤው ሌላ ነው።

ሲቀርብ ጋዜጣ ላይ አልዘረገፍነውም። የጋዜጣ ቀለም ምግብ ላይ አልወድም፣ ደግሞ ኮባ እያለ። ኮባውን እሳት አሳይቶ ማለስለስ፣ በትልቁ ትሪ ላይ ማንጠፍ፣ በቆሎና ድንቹን ከታች፣ አሳውን ከላይ፣ ቅቤውን ማፍሰስ፣ ሎሚ ሰነጣጥቆ ዙሪያውን መደርደር። ሙቀቱ ኮባውን ሲነካው የሚወጣው ሽታ ለብቻው የምግብ ፍላጎት ይከፍታል። አማቴ አንድ ጊዜ ጎረሱ፣ ዝም አሉ፣ ደግመው ጎረሱና «እንጀራው የታለ?» አሉ። እንጀራ በቅርብ ይኑር። የጎጃም እንግዳ ያለ እንጀራ በላሁ አይልም፣ ደግሞ ያ ቅቤ በጤፍ እንጀራ ሲጠረግ ከድንቹም ይበልጣል። ፈረንጆቹ ይሄን ስለማያውቁ አዘንኩላቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ጉርሻ የለም። «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» እያሉ አጥንት ያለው አሳ ሰው አፍ ውስጥ መክተት አደጋ ነው፣ በተለይ ለልጅና ለትልቅ ሰው። ሁሉም የራሱን አጥንት እየለቀመ ይብላ። ከተቻለ ለልጆቹ አንድ ትልቅ ሰው ለቅሞ ይስጣቸው። የእጅ መታጠቢያ ውሃና ሳሙና፣ ሎሚም፣ ከገበታው ሩቅ አይሁን፤ እጁ እስከ ክርኑ ቅቤ የሆነ ሰው በር መክፈት አይችልም።

አሜሪካ ዘመድ የሌለውስ? ያለ ኦልድ ቤይም ይቻላል፣ በኋላ ለራሳችን ስንሠራ ሞክረነዋል። ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ የበርበሬ ዱቄት ለቀለሙ፣ የተፈጨ ሰናፍጭ፣ ዝንጅብል፣ በጣም ጥቂት ቅርንፉድና ቀረፋ፣ ሚጥሚጣ እንደ አቅማችሁ። የሚጎድለው የሰለሪው ነገር ብቻ ነው፤ አትክልት ተራ ሰለሪ ካገኛችሁ ከነቅጠሉ ከሽንኩርቱ ጋር ውሃው ውስጥ ጨምሩት። ኮረሪማ አታስገቡ፣ ሁሉንም ወጥ ወጥ ያሰኘዋል። ከዋናዋ ጋር አጠገብ ለአጠገብ ካቀመሳችሁኝ ዋናዋን እመርጣለሁ፣ ግን ለእሷ ብሎ ሰው ማስቸገር ድረስ አይደለም።

የተረፈውን ውሃ አትድፉት። ጨው ስለሆነ እንዳለ አይጠጣም፤ አጥልላችሁ አንድ እጁን ከሁለት እጅ ንጹህ ውሃ ጋር ቀላቅሉና በማግሥቱ ሩዝ ቀቅሉበት። ሌላ ጨው አያስፈልገውም። የተረፈ ቁራጭ አሳ ካለ አጥንቱን ለቅማችሁ፣ ቃሪያ ከትፋችሁ ከላይ ጣል አድርጉበት፤ እኛ ቤት እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ የተበላው ይሄኛው ነው ከሁሉ ቶሎ ያለቀው።